ጆባችሁ ዲስክ እየጠበቀ ይሆን? በክላስተር ላይ የማንበብና የመጻፍ ፍጥነትን መከታተያ መመሪያ

በክላስተር፣ ማለትም አንድ ላይ በተያያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ፣ 32 ኮር ጠይቃችሁ፣ ወረፋ ጠብቃችሁ፣ በመጨረሻ ጆቡ (እንዲሠራላችሁ የላካችሁት ሥራ) ተነሣላችሁ። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል ያላችሁት ስድስት ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ ብታዩት ሲፒዩው ከአቅሙ ሩቡን ብቻ ነው የሠራው። ኮዱ ላይ ስሕተት የለም፣ ውጤቱም ልክ ነው። ጊዜው ታዲያ የት ገባ?

ብዙ ጊዜ ዲስክ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ዳታው እስኪመጣለት፣ ወይም የጻፈው እስኪወርድለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዱ ኮር ብቻ እየሠራ ሌሎቹ 31ዱ ሥራ ፈትተውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ዲስኩ ቀርፋፋ ነው» ከማለታችን በፊት እንለካ።

መመሪያው ስለርም ለሚጠቀሙ ነው። በአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላብራቶሪ የተጀመረው ይህ ጆብ አሰላፊ ዛሬ በብዙ የዩኒቨርሲቲና የምርምር ክላስተሮች ላይ አለ። የእናንተ ክላስተር ሌላ አሰላፊ ቢኖረውም ችግር የለም፤ ከሦስተኛው ደረጃ በኋላ ያለው አብዛኛው ነገር የሊኑክስ ነው። የአድሚን መብት በሚያስፈልግበት ቦታ እናገራለሁ። ኮማንዶቹን በስልክ እንደምንነጋገር ፊደል በፊደል እጠራቸዋለሁ፤ እናንተ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ትመቷቸዋላችሁ።

ደረጃ 1፦ ዳታችሁ የት እንዳለ እወቁ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ከዚያ የተሳሳተ ዲስክ ሲለካ ይውላል።

ጆባችሁ የሚያነብበት ፎልደር ውስጥ ግቡና ዲ-ኤፍ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ትንሹ ኤች፣ ትልቁ ቲ፣ ክፍት ቦታ፣ ነጥብ ብላችሁ ምቱ። በሁለተኛው ዓምድ የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ይወጣል። ኤን-ኤፍ-ኤስ ካለ ዳታው በኔትወርክ በኩል ከሌላ ሰርቨር ይመጣል። የሆም ፎልደር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ለስተር ካለ ዳታው በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተበታትኖ የተቀመጠ የጋራ ማከማቻ ነው፤ ስክራች የሚባለው ጊዜያዊ የሥራ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ወይም በመሰሎቹ ይሠራል። ኤክስ-ኤፍ-ኤስ ወይም ኢ-ኤክስ-ቲ-4 ካለ ኖዱ (ጆቡ የሚሮጥበት የክላስተሩ አንድ ኮምፒውተር) ላይ የተገጠመ የራሱ ዲስክ ነው። ቴምፕ-ኤፍ-ኤስ ካለ ደግሞ ዲስክ አይደለም፣ ራም ነው። እዚያ የምትጽፉት ነገር በሙሉ ከሜሞሪ ይቀነሳል። ጆቡ ሜሞሪ ጨረሰ ተብሎ ሲገደል ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ጣሪያውንም በዚሁ እወቁት። በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ በኩል የሚመጣ ዳታ በሰከንድ ከ125 ሜጋባይት አያልፍም። በ10 ጊጋቢት ከ1250 አያልፍም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲነበብ በሰከንድ ከ100 እስከ 250 ሜጋባይት ገደማ ይሰጣል። ከዚህም ከዚያም ቁርጥራጭ ሲነበብ ግን ያው ዲስክ ከ1 ሜጋባይት በታች ሊወርድ ይችላል። የሳታ ኤስ-ኤስ-ዲ 550 አካባቢ ይቆማል፤ ኤን-ቪ-ኤም-ኢ በሰከንድ ብዙ ጊጋባይት ይሄዳል። የጋራ ማከማቻ ላይ ደግሞ ጣሪያውን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ነው የምትካፈሉት።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ስለርምን ጠይቁ

ላለቀ ጆብ ኤስ-ኤ-ሲ-ሲ-ቲ የሚባለውን ኮማንድ ተጠቀሙ። ሰረዝ ጄ ብላችሁ የጆቡን ቁጥር ስጡት። ፎርማት በሚለው አማራጭ ደግሞ የምትፈልጓቸውን ዓምዶች ዘርዝሩ፦ ጆብ-አይዲ፣ ኢላፕስድ፣ አቭ-ዲስክ-ሪድ፣ ማክስ-ዲስክ-ሪድ፣ አቭ-ዲስክ-ራይት፣ ማክስ-ዲስክ-ራይት። ገና እየሮጠ ላለ ጆብ ኤስ-ኤስ-ቲ-ኤ-ቲ ነው። ለዚህኛው ከጆቡ ቁጥር ቀጥሎ ነጥብ አድርጋችሁ ባች የሚለውን ቃል ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ስክሪፕቱ ራሱ የሚያስኬደውን ነገር ላያሳያችሁ ይችላል።

የሚወጣው ቁጥር ድምር ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። ፍጥነቱን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ለምሳሌ አቭ-ዲስክ-ሪድ 540,000 ሜጋባይት፣ የፈጀው ጊዜ 6 ሰዓት ቢሆን፣ 6 ሰዓት 21,600 ሰከንድ ነው። ስታካፍሉት በሰከንድ 25 ሜጋባይት ይመጣል። ለዛሬ ማሽን ይህ ትንሽ ነው። ግን ቶሎ አትፍረዱ።

አማካዩ የሚወሰደው በታስኮች (ጆቡ ጎን ለጎን በሚያስነሣቸው ሥራዎች) ላይ ነው፤ ማክስ የሚለው ደግሞ ብዙ ያነበበው የአንዱ ታስክ ነው። 16 ታስክ ካላችሁ አማካዩን በ16 ካላበዛችሁ የጆቡን ድምር አታገኙም። በዚያ ላይ ስለርም ናሙና የሚወስደው በየተወሰነ ጊዜ ነው። አድሚኑ ካልቀየረው በየ30 ሰከንዱ ነው። በመካከል ተነሥቶ የሞተ አጭር ፕሮሰስ (እየሮጠ ያለ ፕሮግራም) ሳይቆጠር ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። በተለመደው የሊኑክስ ናሙና አወሳሰድ ስለርም የሚቆጥረው ፕሮግራሙ «አንብብልኝ» ብሎ ያገኘውን ባይት ነው። ያ ባይት ከዲስክ ይምጣ፣ ከራም ካሽ (ሊኑክስ ቀድሞ የተነበበውን በራም ከሚያቆይበት ቦታ) ይምጣ፣ ከሌላ ፕሮግራም በፓይፕ ይምጣ አይለይም። አንድ የ10 ጊጋባይት ፋይል ሃምሳ ጊዜ ደጋግሞ ያነበበ ጆብ 500 ጊጋባይት ያነበበ ይመስላል። ዲስኩን የነካው ግን አንዴ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስለርምን ቁጥር እንደ ጥቆማ ውሰዱት። ማስረጃው ኖዱ ላይ ነው።

ዓምዶቹ ባዶ ወይም ዜሮ ከሆኑ ደግሞ ክላስተሩ ላይ ይህ ቆጠራ አልበራም ማለት ሊሆን ይችላል። አድሚኑን ጠይቁና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 3፦ ጆቡ ወዳለበት ኖድ ግቡ

ኤስ-አር-ዩ-ኤን ብላችሁ፣ ጆብ-አይዲ በሚለው አማራጭ ቁጥሩን ስጡ፤ ቀጥሎ ኦቨርላፕ የሚለውን፣ ቀጥሎ ፒ-ቲ-ዋይ እና ባሽን ጨምሩ። ኦቨርላፕን ከረሳችሁ ኮማንዱ ጆቡ ኮሮቹን እስኪለቅለት ይጠብቃል፣ እናንተም ባዶ ስክሪን ስታዩ ትቆያላችሁ። አንዳንድ ክላስተር ላይ ጆብ ባላችሁበት ኖድ ላይ በኤስ-ኤስ-ኤች በቀጥታ መግባት ይፈቀዳል።

ከገባችሁ በኋላ ቶፕ ክፈቱ። ሁኔታውን በሚያሳየው ኤስ ዓምድ ላይ ፕሮሰሶቻችሁን እዩ። አር ከሆነ እየሠራ ነው። ዲ ከሆነ የሆነ ነገር አንቆ ይዞታል፤ በአብዛኛው ማከማቻ ነው። ደጋግማችሁ ስታዩት ዲ ላይ ካገኛችሁት ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው። የፕሮሰሱን ቁጥር ያዙ፣ አሁን ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 4፦ የፕሮሰሱን ቆጣሪ አንብቡ

ለእኔ የዚህ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ሌላው ቢቀር ይህን ተማሩ።

ሊኑክስ ላይ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ስር ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ አይ-ኦ የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። በካት ስትከፍቱት ሰባት መስመር ይወጣል። አምስቱን እንያቸው።

አር-ቻር ፕሮግራሙ በንባብ ጥያቄ ያገኘው ጠቅላላ ባይት ነው፤ ካሽም ሆነ ፓይፕ ሁሉም እዚህ ይገባል። ደብሊው-ቻር የጽሑፉ አቻ ነው። ሲስ-ሲ-አር ስንት ጊዜ «አንብብ» ብሎ እንደጠየቀ ይቆጥራል። ሪድ-ባይትስ ከማከማቻው በትክክል የመጣውን፣ ራይት-ባይትስ ወደ ማከማቻው እንዲወርድ የተላከውን ይነግራችኋል። ሁለቱ መጨረሻዎቹ ኖዱ ላይ ለተገጠመ ዲስክ አስተማማኝ ናቸው። ለኔትወርክ ፋይል ሲስተም ግን እንደየሲስተሙ ይለያያሉ፣ ዜሮ ሆነው ሊቆዩም ይችላሉ። ዜሮ አይታችሁ «አያነብም» አትበሉ።

ሁሉም ፕሮሰሱ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀሙ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ ልዩነቱን ውሰዱ፣ በመካከል ላለፈው ሰከንድ አካፍሉ። እንዲህ እንበል። በመጀመሪያው ንባብ አር-ቻር 41,200,000,000፣ ሲስ-ሲ-አር 10,050,000 ነበር። ከ10 ሰከንድ በኋላ አር-ቻር 41,950,000,000፣ ሲስ-ሲ-አር 10,233,000 ሆነ። በ10 ሰከንድ 750 ሚሊዮን ባይት ተነበበ፤ በሰከንድ 75 ሜጋባይት ማለት ነው። መጥፎ አይመስልም።

አሁን ሁለተኛውን እዩ። ያንን ለማንበብ 183,000 ጊዜ ተጠይቋል። 750 ሚሊዮንን ለ183,000 ስታካፍሉ በአንድ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ገደማ ይደርሳል። በርሜል በሲኒ እየቀዱ መሙላት ነው። ትልቅ የጋራ ማከማቻ የሚመቸው በአንዴ ሜጋባይት ሲጠየቅ ነው። እዚህ ችግሩ ዲስኩ አይደለም፣ አጠያየቁ ነው። ፍጥነቱን ብቻ ብታዩ ኖሮ ይህ ያመልጣችሁ ነበር። በእኔ እምነት «ስክራቹ ሞቷል» ከሚባሉት ቅሬታዎች አብዛኞቹ በዚህ ስሌት ይፈታሉ።

ጥንዶቹን አስተያዩ። አር-ቻር እየሮጠ ሪድ-ባይትስ ቆሞ ከሆነ፣ ዲስኩም የኖዱ የራሱ ከሆነ፣ ዳታው ከራም ካሽ እየመጣ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። በተቃራኒው ሪድ-ባይትስ ከአር-ቻር ከበለጠ ፕሮግራሙ ፋይሉን በኤም-ማፕ (ፋይሉን እንደ ሜሞሪ አድርጎ በሚያነብ መንገድ) ከፍቶት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ንባብ በአር-ቻር አይቆጠርም። ጽሑፍ ላይ ደግሞ መጀመሪያ በጣም ፈጥኖ በኋላ ድንገት የሚወድቅ ቁጥር አያስደንግጣችሁ። ሊኑክስ የተጻፈውን በራም ያቆየዋል። ያ ሲሞላ ፕሮግራሙ በዲስኩ ፍጥነት መሄድ ይጀምራል። እውነተኛው ፍጥነት ከወደቀ በኋላ ያለው ነው።

ሌሊት የሚሮጥ ጆብ ላይ ቁጭ ብላችሁ ካት አትመቱም። በጆብ ስክሪፕታችሁ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው መስመር መጨረሻ ላይ & ጨምሩ፣ ከኋላ ሆኖ ይሮጣል። ቀጥሎ $! የሚለው የፕሮሰሱን ቁጥር ይሰጣችኋል፣ በተለዋዋጭ ያዙት። ከዚያ በኪል ሰረዝ ዜሮ ፕሮሰሱ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅ የዋይል ሉፕ አስገቡ። ሉፑ ውስጥ ሰዓቱን በዴት፣ ክፍት ቦታ፣ መደመር፣ መቶኛ፣ ኤስ፣ ቀጥሎ ያንን የአይ-ኦ ፋይል ወደ ሎግ ጨምሩ፤ 10 ሰከንድ ስሊፕ። ከሉፑ በኋላ ዌይት ብላችሁ የፕሮሰሱን ቁጥር ስጡ። ዌይትን አትርሱ፤ ያለ እሱ ፕሮግራሙ ቢወድቅ እንኳ ስለርም ጆቡ በሰላም አለቀ ይላችኋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙን በኤስ-አር-ዩ-ኤን ወይም በኤም-ፒ-አይ አስነሺ የምታስኬዱ ከሆነ $! የሚሰጣችሁ የአስነሺውን ቁጥር ነው። እሱ ራሱ ምንም አያነብም። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን በፒ-ጂ-አር-ኢ-ፒ፣ በተጠቃሚ ስማችሁና በፕሮግራሙ ስም ፈልጉት።

ደረጃ 5፦ የተዘጋጁ መሣሪያዎች

ስክሪፕት መጻፍ ካልፈለጋችሁ ፒድስታት ያን ሁሉ ስሌት ይሠራላችኋል። ፒድስታት ሰረዝ ዲ 10 ስትሉት በየ10 ሰከንዱ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ ንባብና ጽሑፍ በኪሎባይት በሰከንድ ያወጣል። የጥያቄውን መጠን ግን አይነግራችሁም።

የኖዱን ዲስክ ራሱን ለማየት አይኦስታት ነው፤ ሰረዝ ኤክስ-ኤም ጨምሩና 10 ስጡት። የመጀመሪያውን ሪፖርት ጣሉት፤ ማሽኑ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለ አማካይ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ አር-አዌይት እና ደብሊው-አዌይት የሚሉትን እዩ። አንድ ጥያቄ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚቆይ ያሳያሉ። መቶኛ-ዩቲል 100 ደረሰ ብላችሁ ዲስኩ ሞላ አትበሉ። ኤን-ቪ-ኤም-ኢ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለሚያስተናግድ 100 እያሳየ ገና ብዙ አቅም ሊኖረው ይችላል። ኖዱን ከሌላ ሰው ጋር ከተካፈላችሁም የሚታየው የሁላችሁም ድምር ነው። ለኔትወርክ ማከማቻ አይኦስታት አይሠራም፤ ለዚህ ነው ደረጃ 1ን አትዝለሉ ያልኩት።

ደረጃ 6፦ የጋራ ማከማቻው

ለኤን-ኤፍ-ኤስ ኤን-ኤፍ-ኤስ-አይኦስታት የሚባል አለ። ሁለት ዓምድ ይበቃችኋል፦ አር-ቲ-ቲ እና ኢ-ኤክስ-ኢ። የመጀመሪያው ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ኖዱ ላይ ወረፋ የጠበቀውንም ይጨምራል። አር-ቲ-ቲ ራሱ ትልቅ ከሆነ ሰርቨሩ ወይም ኔትወርኩ ነው የጨነቀው። አር-ቲ-ቲ ትንሽ ሆኖ ኢ-ኤክስ-ኢ ብቻ ካበጠ ኖዳችሁ ከሚችለው በላይ ጥያቄ እያስወነጨፋችሁ ነው።

ለስተር ላይ ከሁሉ የሚታመነው ቆጠራ ሰርቨሮቹ ላይ ያለው ነው። ጆብ-ስታትስ ይባላል። አድሚኑ ጆብ-አይዲ-ቫር የሚለውን ቅንብር ከስለርም የጆብ ቁጥር ጋር ካገናኘው፣ እያንዳንዱ ሰርቨር የትኛው ጆብ ስንት ባይት እንዳነበበ፣ ስንት ፋይል እንደከፈተ ለይቶ ይመዘግባል። እናንተ አታዩትም። አድሚኑ ግን ያየዋል፣ ስልክ የሚደወልላችሁም በዚያ ምክንያት ነው።

ደረጃ 7፦ ስንት ፋይል ትከፍታላችሁ?

ባይቱ ትንሽ፣ ጆቡ ግን ዘገምተኛ ከሆነ ፋይል መክፈትንና መፈለግን ጠርጥሩ። ኤስ-ትሬስን በሰረዝ ሲ፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ሰረዝ ፒ እና በፕሮሰሱ ቁጥር አስነሡት። ከፊቱ ታይም-አውት ሰረዝ ኤስ ኢንት 30 ጨምሩለት፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ ኮንትሮል-ሲ እንደተጫነ ያህል ይቆምና ሠንጠረዡን ያወጣል። ፕሮግራሙን በጣም ስለሚያዘገይ ከዚያ በላይ አትተዉት። ኦፕን-አት እና ስታት የሚሉት መስመሮች በአሥር ሺዎች ከሆኑ አገኛችሁት። በለስተር ላይ የተጫነ የፓይተን አካባቢ እንዲህ ይታወቃል፤ አንድ ኢምፖርት ብቻ እጅግ ብዙ ፋይል ይፈልጋል። 200 ታስክ በአንዴ ሲነሣ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ዲስኩን በራሳችሁ ለመፈተን ካሰባችሁ

ዲ-ዲ ቀላሉ ነው፤ ግን በቀላሉ ይዋሻል። ኮንቭ እኩል ይሆናል ኤፍ-ዳታ-ሲንክ የሚለውን ካልጨመራችሁ የምትለኩት ራሙን ነው። የጻፋችሁትን ፋይል ወዲያው መልሳችሁ ብታነቡትም ከካሽ ይመጣል። ከዴቭ-ዜሮ የምትጽፉ ከሆነና ፋይል ሲስተሙ የሚያጭቅ ከሆነ ደግሞ ዜሮው ታጭቆ ተአምር የመሰለ ቁጥር ታያላችሁ። ሙከራውን በጆብ ውስጥ አድርጉት፣ ሁሉም ሰው በሚገባበት ሎጊን ኖድ ላይ አይደለም። የጋራ ማከማቻ ላይ 10 ጊጋባይት ይበቃል፤ ከጨረሳችሁ አጥፉት።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ

ጥያቄው ትንንሽ ከሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ የንባብ በፈሩን (በአንዴ የሚጠየቀውን መጠን) ወደ 1 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ አሳድጉ። ይህ አንድ መስመር ለውጥ ነው፤ ከሁሉም በፊት ሞክሩት። ፋይሉ ብዙና ትንንሽ ከሆነ በአንድ ታር አስራችሁ በጆቡ መጀመሪያ ላይ ወደ ኖዱ ዲስክ ገልብጡና እዚያ ፍቱት። ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ማንንም አያስቸግርም። ውጤቱን መልሶ መገልበጥ እንዳይረሳ ግን! ጊዜው አልቆ ጆቡ ሲገደል የኖዱ ዲስክ ሊጸዳ ይችላል። ስለርም ላይ ሲግናል በሚለው አማራጭ ከማብቂያው 300 ሰከንድ በፊት ለስክሪፕቱ ምልክት እንዲላክ አድርጉና፣ በትራፕ ተቀብላችሁ ግልበጣውን እዚያ አስነሡ። ፕሮግራሙ ከላይ እንዳልነው በ& ከኋላ እየሮጠ፣ ስክሪፕቱ ዌይት ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ትራፑ የሚነሣው ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ነው።

ለስተር ላይ ብዙ ታስክ አንድ ግዙፍ ፋይል የሚጽፍ ከሆነ ፋይሉን በብዙ ሰርቨር ላይ ማስበተን ይረዳል። ኤል-ኤፍ-ኤስ ሴት-ስትራይፕ፣ ሰረዝ ሲ፣ 4 ብላችሁ ፎልደሩ ላይ አድርጉት። የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠር ፋይል ነው፤ አሮጌው እንዳለ ይቀራል። ለትንንሽ ፋይል ይህን አታድርጉ፣ ይብስበታል።

እያንዳንዱን የሎግ መስመር ወዲያው ወደ ዲስክ እንዲወርድ የሚያስገድድ ኮድ ካላችሁ ተዉት። በየደቂቃው ቼክፖይንት (ከደረሰበት ለመቀጠል የሚያስችል ቅጂ) የሚያስቀምጥ ሞዴልም እንዲሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ቢያስቀምጥ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው የምታጡት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አጠያየቃችሁ ጥሩ፣ ጥያቄው ትልቅ፣ ፍጥነቱ ግን አሁንም የወረደ ከሆነ ያኔ ለአድሚኑ ጻፉ። «ሲስተሙ ቀርፋፋ ነው» ብቻ የሚል መልእክት ወረፋ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የጆቡን ቁጥር፣ የኖዱን ስም፣ የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እንዳያችሁ፣ የጥያቄው መጠን ስንት ኪሎባይት እንደሆነ አስገቡ። ያው ጆብ ከዚህ በፊት ፈጥኖ የሄደበት ቀን ካለ የዚያንም ቁጥር ጨምሩበት።